የሙሽሪት ገጽ በእኔ መስኮት

ቅናትን ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ምን ያሳፍረኛል? ቀናሁ። አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። የቀናሁትም በወንድሜ ሚስት ነው። በቁንጅናዋ እንዳይመስላችሁ፤ በእሱም ቢሆን ትንሽ ቀንቻለሁ፣ ዋናው ግን በሥራዋ ነው።

ወንድሜ መነጽር ቤት አለው። አባታችን የተወልን ሱቅ ነው፤ ወንድሜ ከያዘው ወዲህ ሁለት ቅርንጫፍ ወልዷል። ዓይን የሚለካበት ጨለማ ክፍል፣ ፍሬም የተደረደረበት የመስታወት መደርደሪያ፣ ከጓሮ ደግሞ ሌንስ የሚቆረጥበትና የሚሞረድበት ክፍል አለ። ድሮ በእነዚህ ክፍሎች መካከል ወረቀት ይዞ የሚሯሯጥ ሰው ነበር። ያንን ሩጫ በሠራሁት የኮምፒውተር ፕሮግራም ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ደንበኛው ዓይኑን ተለክቶ ከወንበሩ ሳይነሳ ቁጥሩ የሌንስ ቆራጩ ኮምፒውተር ላይ ይደርሳል። ለፕሮግራሙ የአባታችንን ስም አወጣሁለት፤ ምልክቱም የአባታችን ክብ መነጽር ነው፣ ራሴ ነኝ የሣልኩት። ክቧን መነጽር ሳይጫን ሥራ የሚጀምር ሠራተኛ አልነበረም። በቤተሰባችን ወንድሜ ነጋዴው ነው፣ እናታችን አዛዧ ናት፣ እኔ ደግሞ አዋቂዋ ነበርኩ። ነበርኩ!

ፕሮግራሙ እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ፤ ጸቡ ያለው እዚያ ላይ ነውና። እኔ የሠራሁት እንደ ድረ ገጽ አድርጌ ነው። ድረ ገጽ ግን የሚከፈትበት ብሮውዘር ይፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ በሱቆቹ የነበሩት ኮምፒውተሮች ደግሞ አንዱ ከአንዱ የማይገጥም ጉድ ነበሩ። አንዱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሠንጠረዥ ሌላው ላይ ይንጋደዳል። እዚህ ያለው ቁልፍ እዚያ ይጠፋል። ስለዚህ ሙሉ ብሮውዘር አብሬ አሸግሁበት። ሠራተኛው የሚያየው ተራ ፕሮግራም ነው፤ ውስጡ ግን የራሱን ብሮውዘር ይዞ የሚዞር ገጽ ነው። ለዚህ የተዘጋጀ የፕሮግራም ማዕቀፍ አለ፣ እኔ አልፈለሰፍኩትም፣ ስንት ትልልቅ ድርጅት ይጠቀምበታል። ከባድ ነው? አዎ ከባድ ነው። ሲከፈት ያዘግማል? ያዘግማል። ግን እኔ ጠረጴዛ ላይ ያየሁት ነገር በየሱቁ ልክ እንደዚያው ይታያል። የሌንስ መለኪያ ማሽኑን በገመድ አገናኝቼ ቁጥሩ በራሱ ዘሎ እንዲገባ ያደረግሁትም በዚሁ መንገድ ነው። ሠራተኛው ቆሞ ቁጥር መገልበጥ ቀረለት።

እንዲህ ተከብሬ ስኖር ወንድሜ አገባ። ያመጣትም ሙሽራ፣ ከዓለም ሙያ ሁሉ ጠፍቶ፣ የእኔው ሙያ ያላት ሆነች! ካገቡ ቆይተዋል፤ እኔ ግን በልቤ እስከ ዛሬ ሙሽሪት ነው የምላት። እሷ “እትዬ” ትለኛለች። የምበልጣት በጥቂት ዓመት ነው፤ አፏን ሞልታ እትዬ ስትለኝ ግን ጉልበቴን ያመኛል።

እሑድ እሑድ ምሳ የምንበላው እናታችን ቤት ነው። አንድ እሑድ ሾርባ እየጠጣን ሳለ ሙሽሪት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“እትዬ፣ ፕሮግራምሽ ውስጥ ሙሉ ብሮውዘር አለ አይደል?”

“አለ” አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

“ኮምፒውተሮቹም እኮ የየራሳቸው ብሮውዘር አላቸው።”

“ቢኖራቸውስ?”

“አይ፣ ሰው ቤት ለማደር ሲኬድ አልጋ ተሸክሞ እንደ መሄድ ሆነብኝ” አለችና ሳቅ አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜን ትን አለው። እናቴ ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርስ ባዳ ነው።

“ታዲያ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?” አላት ወንድሜ። እንዲህ ብሎ እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔን “ጨረስሽ?” ብቻ ነው የሚለኝ።

“እኔ ለአንድ ብሮውዘር ብዬ አልጽፍም” አለች። “ብሮውዘር የሚሠሩት ሁሉ የተስማሙበት መመዘኛ አለ። እሱን ጠብቄ ከጻፍኩ ዛሬ ያለውም ያነበዋል፣ ነገ የሚመጣውም ያነበዋል። ስልክ ላይ ይከፈታል። ዓይኑ የደከመ ደንበኛ መነጽሩ ደርሶ እንደሆነ በራሱ ስልክ ፊደሉን አጉልቶ ያያል። ጭራሽ የማያየውን ደግሞ ስልኩ ድምፅ አውጥቶ ያነብለታል።”

“እሰይ የኔ ልጅ!” አለች እናቴ። “የዓይን ሱቅ ይዘን ለዓይነ ደካማ ያሰበ ማን ነበር?”

ማን ነበር ትላለች ደግሞ! የወለደችኝ እናቴ ናት ይህን ያለችው። ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ሲባል እሰማ ነበር፤ ጆሮው እኔ መሆኔ ነው እንግዲህ። ሾርባዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ፣ ሳህን ላጥብ ብዬ። ሙሽሪት ከኋላዬ መጥታ አብራኝ ማጠብ ጀመረች። እንደ ንዴቴ ቢሆን አንዱን ሳህን እሰብረው ነበር።

ወንድሜ ነገር ማንዛዛት አይወድም። “ሥሪውና እንየዋ” አላት። “ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ ሠራተኛው የፈለገውን ይክፈት። በዓመቱ መጨረሻ የማይከፈተውን እንዘጋለን። ሁለት በሽተኛ ማስታመም አልችልም።”

በሽተኛ አለው የእኔን ሥራ።

ሙሽሪት ሠራችው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ክፉ ነገር ባገኝበት ብዬ እንዴት እንደፈተሽኩት! በአሮጌ ስልክ ከፈትኩት፣ ተከፈተ። ኢንተርኔቱን አንቀራፍፌ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ማውዙን ነቅዬ በኪቦርድ ብቻ ሄድኩበት፣ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ፊደሉን ግድግዳ እስኪያክል አጎላሁት፤ አልተበላሸም፣ ወደ ታች ተዘረጋ እንጂ። ደግሞ ያምራል። ከሁሉ የባሰው ማማሩ ነው። ጌጥ የለው፣ ቀለም የለው፣ እያንዳንዱ ነገር ሰው በሚፈልገው ቦታ ቁጭ ብሏል። የሙያው ሰው ባልሆን ኖሮ አይገባኝም ነበር፣ አልቀናም ነበር።

ሠራተኞቹ መክዳት ጀመሩ። መጀመሪያ የከዳችኝ እንግዳ ተቀባይዋ ናት። ጥፍሯን የምትቀባውም፣ ሻይዋን የምትጠጣውም ፕሮግራሜ እስኪከፈት ባለው ጊዜ ነበር፤ እንዲያውም ጥፍሯ ማማሩን የእኔ ውለታ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ስገባ የሙሽሪትን ገጽ ከፍታ ከደንበኛ ጋር ትስቃለች። አየችኝና ደነገጠች።

“ይቅርታ እትዬ፣ ቶሎ ስለሚከፈት ነው” አለችኝ። እሷም እትዬ!

ቀጥለው ቆራጩ ከዱ። ቆራጩ ከአባታችን ዘመን ጀምሮ ሌንስ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከትክክለኛነታቸው የተነሳ ጋሼ ሚሊሜትር ነው የምንላቸው። ልጅ ሆኜ ትከሻቸው ላይ ነው ያደግሁት። እሳቸው ሲከዱኝ ግን ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው።

“አንቺ፣ የወንድምሽ ሚስት የሠራችው ነገር ፊደሉ ይጎላል እኮ!” አሉኝ።

“የእኔም ይጎላል ጋሼ።”

“ያንቺ ሲጎላ ግማሹ ይወጣል። የወጣውን ፍለጋ ስንከራተት እንውላለን።”

እውነት ነው። ሆነ ብዬ መዋያዬን ሱቅ አደረግሁት። አንዴ ገመዱን ልይ፣ አንዴ አታሚው ምን ሆነ እላለሁ፤ የማደርገው ግን በየስክሪኑ ላይ የማን ገጽ እንደተከፈተ መሰለል ነው። ወንድሜ ለሚስቱ ሻይ በእጁ ይዞ ሲመጣ አየሁት። ለእኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሻይ ቀርቶ ውሃ አምጥቶልኝ አያውቅም። ሱቁ ውስጥ የእኔ የሚባል ነገር ያቺ ክብ መነጽር ብቻ ነበረች። እሷ ከተዘጋች ወንድሜ ጋ በምን ሰበብ ነው የምመጣው? እንደ ማንኛዋም ደንበኛ ፍሬም ልገዛ?

ሐሳቡ የመጣልኝ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የጓሮው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ነው። የእኔ ፕሮግራም መቼም ብሮውዘር ነው፣ ብሮውዘር ደግሞ የተሰጠውን ገጽ ይከፍታል። የራሴን ገጽ ከሚከፍት የእሷን ቢከፍትስ? ከላይ ስሟ የተጻፈበትን ራስጌ ደበቅሁት። ቀለሙን ወደ እኔ ቀለም ቀየርኩት። ከመለኪያ ማሽኑ የሚመጣውን ቁጥር ብቻ እንደ ድሮው እኔ አስገባሁበት። ክቧን መነጽር ስትጫኑ የሚከፈተው መስኮት የእኔ ነው፤ ውስጡ ግን ከላይ እስከ ታች የሙሽሪት ነው። ለጊዜው ነው ብዬ ነው፤ የራሴን አድሼ እስክጨርስ። የሚሸፍጥ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፣ አውቃለሁ። ግን የእሷ ገጽ እዚያው ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ እያየሁ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

ማግሥቱን ተቀባይዋ ደወለችልኝ።

“እትዬ፣ ፕሮግራምሽን ምን አደረግሽው? በረረ እኮ!”

“ትንሽ ነካካሁት” አልኩ።

“እጅሽ ይባረክ! ማሽኑም ቁጥሩን ያስገባል፣ መክፈቱም ፈጠነ። ከእንግዲህ ያንን ምን ሊያደርግልኝ!”

ያንን ያለችው የሙሽሪትን ነው። ስልኩን ዘጋሁና ደስታዬን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ጋሼ ሚሊሜትር ሲያገኙኝ ደግሞ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው “አሁን ገና ልብ ገዛሽ!” አሉኝ። “ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል ያገሬ ሰው፤ ይቺ ልጅ ባትመጣ እኮ ተኝተሽ ትቀሪ ነበር።” በእኔ ስም የሚመሰገነው የእሷ ሥራ ነው። ሰው በሌላ ሰው ሲቀና ሰምቻለሁ፤ በገዛ ምስጋናው ሲቀና ግን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። “ፈጠነ” ሲሉኝ ፈጣኗ እሷ ናት። “አማረ” ሲሉኝ ውቧ እሷ ናት። እኔ ያው የሌላ ሰው ቀሚስ ለብሼ “አማረብሽ” የምባል ሴት ሆንኩ።

እሑድ ምሳ ላይ ወንድሜ ሚስቱን በክርኑ ነካ አደረጋት። “አየሽ? እህቴ ከተነሳች አትቻልም። ያንቺን የሚከፍተው ጠፋ እኮ!”

ሙሽሪት ዳቦዋን እየቆረሰች ነበር። “አዎ፣ እትዬ ጎበዝ ናት” አለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

አንጀቴ ቅቤ መጠጣት ነበረበት። አልጠጣም።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ እያለሁ ተቀባይዋ እየጮኸች ደወለች። “እትዬ ኧረ ጉድ ሆነናል! ቁጥሩ አንዱ በአንዱ ላይ ተሳፍሯል! የቀኝ ዓይኑ የቱ፣ የግራው የቱ እንደሆነ አይለይም!”

ወዲያው ገባኝ። ሙሽሪት ገጿን አድሳ፣ የገጹን ክፍሎች የሚያሰልፍ በቅርብ የወጣ አዲስ አደራደር ተጠቅማበታለች። በየኮምፒውተሩ ያለው ብሮውዘር በየጊዜው ራሱን ስለሚያድስ አዲሱን ያውቀዋል። እኔ ያሸግሁት ግን ካሸግሁት ቀን ጀምሮ አልታደሰም፤ ባድሰው የመለኪያ ማሽኑ ግንኙነት ስለሚበጠስ እፈራለሁ። አሮጌው ብሮውዘሬ አዲሱን ነገር ሲያገኝ ግራ ገባው፣ ቁጥሩን ሁሉ አንድ ላይ ከመረው። ምን ላድርግ? ሙሽሪት ጋ ደውዬ “ገጽሽ እኔ ቤት ተበላሸብኝ” ልበላት? ጋሼ ሚሊሜትር የቀኙን ለግራ ቆርጠው ቢሰጡስ እያልኩ አምላኬን ለመንኩ።

ሱቅ ሳልደርስ ስልኩ ዳግም ጮኸ። “ተስተካክሏል እትዬ፣ ተባረኪ!”

እኔ ምንም አልነካሁም።

ዕድሌ ነው አልኩ። ሙሽሪት አዲሱን ነገር ትታው ወደ ድሮው ተመልሳ ይሆናል አልኩ። ግን በሌላው ብሮውዘር ስከፍተው አዲሱ አደራደር እንዳለ ነው። በእኔ መስኮት ሲሆን ብቻ ድሮ በሚደረደርበት ተደርድሯል። ይህ እንዴት ይሆናል? ጓሮው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና የገጹን ሆድ ከፈትኩ። ድረ ገጽ ደግነቱ ይሄ ነው፤ እንዴት እንደተጻፈ ለጠየቀው ሁሉ ያሳያል። እያነበብኩ ወረድኩ። እንዴት ያለ ንጹሕ አጻጻፍ ነው እያልኩ፣ እየተቃጠልኩ ወረድኩ። መጨረሻው አካባቢ ከቀረው ሁሉ የማይመስል አንድ ቁራጭ አገኘሁ። የሚጠይቀው ብሮውዘር ስሙ ይህ ከሆነ በአሮጌው መንገድ ደርድርለት ይላል። የተጻፈው ስም የአባታችን ስም ነው።

ብሮውዘር ገጽ ሲጠይቅ ስሙን ይናገራል። በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ “እኔ እገሌ ነኝ” ብሎ ነው የሚገባው። እኔ ደግሞ ፕሮግራሙን ስሠራ በኩራት ያወጣሁለት ስም የአባቴ ነው፤ እሱን መቀየር ትዝ አላለኝም። ስንት ጊዜ ሙሉ፣ ከየሱቁ፣ በአባቴ ስም በሯን ሳንኳኳ ነው የከረምኩት። እሷም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች። አውቃ ዝም ብላለች። ዝም ማለቷም ሳያንስ፣ ለአንድ ብሮውዘር ብዬ አልጽፍም ያለች ሴት፣ በምድር ላይ ለአንድ ብሮውዘር ብቻ ጻፈች፤ ለእኔ አሮጌ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ይሆናል። እኔ ጨጓራዬ ተላጠ። እሑድ እሑድ አጠገቤ ቆማ ሳህን ስታጥብ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ነበር! “እትዬ ጎበዝ ናት” ስትል ይህን ይዛ ነበር! ተናገሪያ፣ ስደቢኝ፣ ሌባ በይኝ! ከዚያ ወዲህ በየምሳው አፏን እያየሁ ጠበቅኋት። ጨው አቀብዪኝ ትለኛለች እንጂ ሌላ አትናገርም። እኔም የራሴን አድሳለሁ ያልኩት ሰው አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ ከእሷ ገጽ የተሻለ ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ።

የዓመቱ መጨረሻ ደረሰ። ወንድሜ በአንድ ጠዋት ሁላችንንም ጓሮው ክፍል ሰበሰበን፤ ጋሼ ሚሊሜትር ሽርጣቸውን እንደለበሱ፣ ተቀባይዋ አንድ ዓይኗን ደንበኛ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ። የሙሽሪት ገጽ የሚኖርበት ኮምፒውተር እዚያው ጥግ ላይ ነው ያለው። ሦስቱም ሱቅ ከእሱ ነው የሚጠይቀው።

“ነገሩ ግልጽ ነው” አለ ወንድሜ። “ሁሉም የሚከፍተው ክቧን መነጽር ነው። ያኛውን የሚከፍት የለም።” ወደ ሚስቱ ዞረ። “አትቀየሚኝ የኔ ፍቅር። ሥራሽ ጥሩ ነበር፤ ሰው ግን አልወደደውም።”

ሰው አልወደደውም! እዚያች ደቂቃ ላይ እኮ ከበሩ ውጭ አንድ አባት ለልጁ ፍሬም እያስለካ፣ በሙሽሪት ገጽ ነው የሚስተናገደው።

“ሰው ያልወደደውን ምን ይደረጋል” አለች። ሄዳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ቆየችና ዞራ አየችኝ።

“እትዬ፣ ልዝጋው?”

ከእኔና ከእሷ በቀር ጥያቄው የገባው ሰው አልነበረም። ከዘጋችው በየሱቁ ያለው የእኔ መስኮት ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ዓይኑን እየተለካ ያለው ሰው ቁጥሩ የትም አይደርስም። የእሷን ላስዘጋ ብዬ የራሴን ጉሮሮ ልዘጋ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት እኔን ነበር። አትዝጊው እንዳልል ደግሞ ለምን እባላለሁ።

“እንደፈለግሽ” አልኩ። ፈሪ!

ጀርባዋን ሰጥታን ጻፍ ጻፍ አደረገች። ስክሪኑ በትከሻዋ ተሸፍኗል። “ዘጋሁት” አለች።

በበሩ በኩል የተቀባይዋን ስክሪን አየሁ። አልነጣም። ያ አባት የልጁን ፍሬም ዋጋ እየጠየቀ ነው፤ ገጹ ተከፍቶ፣ ረግቶ ተቀምጧል። አልዘጋችውም። ለባሏ ዋሸችው፣ ለእኔ ብላ። ጋሼ ሚሊሜትር “እንኳን ደስ ያለሽ!” ብለው እጄን ጨበጡ። ወንድሜ አቀፈኝ፤ ካቀፈኝ ስንት ጊዜው!

መዳኔ ነበር። አፌን ብይዝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀበር ነበር። ግን በወንድሜ ትከሻ ላይ ሆኜ ጀርባዋን ሳይ ደሜ ፈላ። በፍጥነት በለጠችኝ፣ እሺ። በውበት በለጠችኝ። እናቴን ወሰደች፣ ሻዩን ወሰደች። አሁን ደግሞ ደጓም እሷ ልትሆን ነው? እኔ ዕድሜ ልኬን በእሷ ዝምታ ልኖር፣ እሷ ሳህን ባጠበች ቁጥር ከእኔ የተሻለች ሰው ሆና ልታጥብ? ይሄን እንኳ ብትተውልኝ ምናለበት!

“አልዘጋችውም” አልኩ።

ወንድሜ ለቀቀኝ። “ምን?”

“አልዘጋችውም። ክቧን መነጽር ስትከፍቱ የምታዩት የእሷ ገጽ ነው። የእኔ ሽፋኑ ነው። ፈጠነ ያላችሁት እሷን ነው። ከጅምሩ ታውቅ ነበር፣ ሲበላሽብኝም እየጠገነችልኝ ነው የኖረችው።”

ተቀባይዋ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሼ ሚሊሜትር የጨበጡኝን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። እኔ የሚመጣብኝን ሁሉ ለመቀበል ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ መቼም እውነት ተናግሬያለሁ፣ ቢያንስ ደፋር ናት ይሉኛል። ማንም አላየኝም። ወንድሜ ያየው ሚስቱን ነው። ማንንም ሲያይ አይቼ በማላውቀው አኳኋን አያት።

“ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሽ?” አላት፣ ድምፁ ተሰብሮ። “ለእህቴ ብለሽ?”

ጋሼ ሚሊሜትር “ወይ ጨዋነት!” አሉ። የተናገርኩት እኔ፣ የተመሰገነችው እሷ።

ሙሽሪት ግን ባሏን አልፋው መጣች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። እንባ ያቀረረ ነበር የመሰለኝ፤ ሲቀርብ ቁጣ ነው። አጠገቤ ቆማ፣ ሌላው እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በጥርሷ መካከል ተናገረችኝ። እትዬም አላለችኝም።

“አንቺን ማን ተናገሪ አለሽ? በእጄ ይዤሽ ነበር እኮ!”

አየኋት። ከገባች ጀምሮ እንዲህ ተቃጥላ አይቻት አላውቅም፤ ከእኔ በቀር የማንም ፊት እንዲህ ሲነድ አይቼ አላውቅም። ሳልፈልግ ሳቄ መጣ።

“ቅናት ነዋ” አልኳት። “ሌላ ማን አለኝ?”